«ስኳር ነው የሸጠችልኝ»፦ ደሴ ሆኜ ማር በስልክ ስሸጥ የተማርኩት

ኮሜንቱ የመጣው ታኅሣሥ 2015 ላይ ነው። የደሴ ብርድ አጥንት ድረስ በሚገባበት ሰሞን። አዲስ አበባ ያለ አንድ ደንበኛ ከወር በፊት የላክሁለትን ማር ፎቶ አንስቶ የፌስቡክ ፔጄ ላይ ለጠፈው። ማሩ ረግቷል፣ ነጥቷል፣ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከሥሩ «ስኳር ነው የሸጠችልኝ፤ እንዳትሸወዱ» ብሎ ጽፏል።

ምን አደረግኩ? አጠፋሁት። ሰውየውንም ብሎክ አደረግኩት። ከዚያ ሻዬን ቀድቼ ተቀመጥኩ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ።

ማታ በሌላ አካውንት ተመለሰ። አሁን የያዘው ሁለት ፎቶ ነው፤ አንዱ የማሩ፣ ሌላው ብሎክ እንዳደረግኩት የሚያሳይ ስክሪንሾት። «እውነቱን ብናገር አባረረችኝ» የሚል ጨምሮበታል። እስኪነጋ ድረስ ከሥሩ የተጻፈውን እዚህ አልደግመውም። ከጻፉት አንዷማ የአጎቴ ልጅ ነች።

ጠዋት ሱቅ ስገባ አባቴ ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። ነገርኩት። አባቴ የያዘው ቁልፍ ስልክ ነው፤ ፌስቡክን እንደ ወሬኛ ጎረቤት ነው የሚያየው። «ሰውየው እዚህ በራችን ላይ ቆሞ ስኳር ነው ቢልሽ ታባርሪዋለሽ?» አለኝ። አላባርርም አልኩት። «እና ምን ታደርጊያለሽ?» አሙቄ አሳየዋለሁ። «እንግዲያ እሱኑ አሳዪው።»

አንድ ደቂቃ ከምናምን የሚሆን ቪዲዮ ቀረጽኩ። ከአንድ ቀፎ የተቆረጠ ማር በሁለት ጠርሙስ አስቀመጥኩ። አንደኛው ምድጃ አጠገብ የከረመ ነው፤ ፈሳሽ ነው። ሁለተኛው መስኮት ላይ ብርድ ውስጥ የሰነበተ ነው፤ ረግቷል። የረጋውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ እጅ የማያቃጥል ውሃ። እየቆየ ሲፈታ አሳየሁ። ሙዚቃ የለው፣ ጽሑፍ የለው። ድምፄ ራሱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ያልኩት ይህን ነው። ማር ሲበርደው ይረጋል። በውስጡ ካሉት ሁለት ዋና ዋና ስኳሮች ግሉኮስ የሚባለው ቀድሞ ይጠጥራል። ግሉኮሱ የበዛ ማር ቶሎ ይረጋል፤ ፍሩክቶሱ የበዛ ይዘገያል። አበባው ይለያያል፣ ማሩም ይለያያል። ክብሪት ማቀጣጠል፣ ውሃ ውስጥ መጨመር የሚባሉት የመንደር መፈተኛዎች የሚታመኑ አይደሉም። ማርህን አፍልተህ እንዳታበላሸው፤ ለብ ባለ ውሃ ብቻ አሙቀው።

ብሎኩን አነሳሁለት። ስላጠፋሁበት ይቅርታ ጠየቅሁት። ቪዲዮውን እዚያው ኮሜንቱ ሥር መልስ አድርጌ አስቀመጥኩ። እሱ ይቅርታ አልጠየቀም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ኮሜንቱን ራሱ አጠፋው።

ያ ቪዲዮ ከዚያ በፊት በስምንት ወር ከለጠፍኩት ሁሉ የበለጠ ማር ሸጠልኝ።

ስለ ስምንቱ ወር ላውራ። በ2014 ከጦርነቱ በኋላ ሱቃችንን የከፈትነው በባዶ መደርደሪያ ነው። አባቴ ከአምባሰልና ከደላንታ ማር የሚያመጡለት የቆዩ ሰዎች አሉት። በዱቤ ሰጡት። እኔ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ፔጅ ከፈትኩ። ስሙን አሳመርኩ። ለአንድ ልጅ ከፍዬ ንብና ወርቃማ ፊደል ያለበት ፖስተር አሠራሁ። በየቀኑ «መልካም ቀን ውድ ደንበኞቻችን» እያልኩ እለጥፍ ነበር። ደንበኛ የለኝም እኮ! ላይክ የሚያደርጉልኝ ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ስድስቱ ዘመዶቼ።

ያኔ ነው ተከታይ የገዛሁት። «አምስት ሺህ ፎሎወር በሁለት ቀን» የሚል አንድ ልጅ አገኘሁ። ከፈልኩት። እውነትም መጡ። ስማቸው በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣ ፎቶ የሌላቸው አምስት ሺህ ሰዎች። አንዳቸውም ማር አይበሉም። ጉዳቱ ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፌስቡክ አንድን ፖስት መጀመሪያ ለጥቂት ሰው ያሳያል፤ እነሱ ዝም ካሉ ለሌላው አያደርሰውም። እኔ ያንን ጥቂት ሰው በሙታን ሞላሁት። በመጨረሻ ፔጁን ትቼ ሌላ ከፈትኩ። የጀመራችሁት በግል አካውንት ከሆነ ደግሞ አስቡበት፤ የጓደኛ ጣሪያው 5,000 ነው፤ ከሞላ ሞላ። ለንግድ ፔጅ ይሻላል።

አዲሱ ፔጅ ላይ አንድ ነገር ቀየርኩ። ዋጋ መጻፍ ጀመርኩ።

«ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉ ነጋዴዎች ይቅር ይበሉኝና ይህን ነገር አልወደውም። ተፎካካሪ እንዳያይብኝ ነው ይላሉ። ተፎካካሪህማ ደውሎ ይጠይቅሃል። የማይጠይቅህ ዓይን አፋሩ ገዥ ነው። ብር አይበቃኝ ይሆናል ብሎ የሚፈራው ሰው ኢንቦክስ አይገባም፤ አልፎ ይሄዳል። እኔ የኪሎውን፣ የግማሽ ኪሎውን፣ የማድረሻውን ዋጋ ሁሉ እጽፋለሁ። ዋጋ ሲጨምር የድሮውን ፖስት አስተካክላለሁ። ይህን የረሳሁ ቀን በድሮው ዋጋ ሁለት ባልዲ ሸጫለሁ። ከተጻፈ ተጽፏል፤ አይካድም።

ፎቶው ላይ ብዙ አልቆይም። የስልካችሁን ካሜራ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉት። ጠዋት በር ላይ ወይም መስኮት አጠገብ አንሱ። ማሩን ወደ ብርሃኑ ያዙት። ይበቃል። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ማር ፎቶ ግን በፍጹም። የእኛን ማር ሰው ያውቀዋል፤ ሰፈፉን፣ ቀለሙን፣ ጀሪካኑን ሳይቀር። አንድ ጊዜ ከጀርባ የአባቴ አሮጌ ሚዛን የገባበት ፎቶ ለጠፍኩ። ሰው ማሩን ትቶ ስለ ሚዛኑ አወራ። «ይቺን ሚዛን አውቃታለሁ፣ ሸዋ በር አይደለም?» ብሎ የጻፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ከፎቶ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የረጋውን ማር ቪዲዮ በለጠፍኩ በሳምንቱ ከጅዳ አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «እህቴ፣ ኩታበር ታደርሻለሽ?» ትላለች። ኩታበር እኮ ከእኛ በጣም ቅርብ ነው። ጅዳ ያለች ሴት ማር ለምን ኩታበር? እናቷ እዚያ ናቸው። ሁለት ኪሎ ለእሳቸው ነው። ገንዘቡን ደሴ ያለው ወንድሟ በቴሌብር ላከልኝ። ማሩን ራሴ ይዤ ሄድኩ። እናቷን አስፈቅጄ ማሩን ታቅፈው ፎቶ አነሳኋቸው። «አላህ ያክብርሽ በይልኝ» አሉ፤ እሱንም በድምፅ ቀድቼ ላክሁላት።

ልጅቷ ድምፁን ሰምታ ለረጅም ጊዜ ምንም አልጻፈችም። ከዚያ «አብሽሪ፣ እያለቀስኩ ነው» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ከምትሠራበት ሰፈር አራት ልጆች አዘዙ። አንዷ ለሐይቅ፣ ሁለቱ ለወረባቦ፣ አንዷ ለኮምቦልቻ።

ለካ እስከዚያ ድረስ ለማን እንደምሸጥ አላውቅም ነበር። ማር የሚበላውን ሰው ነበር የማናግረው። የሚከፍለው ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ ልጇን ወይ እህቷን ወደ ዓረብ አገር ያልሸኘች ቤት ብዙ አይደለችም። ገንዘብ ይልካሉ። ገንዘብ ግን አይታቀፍም። እኔ የምሸጥላቸው «እናትሽ ደጃፍ ላይ አንድ ነገር ደረሰ» የሚለውን ነው። ይህ ሲገባኝ የምለጥፈውም ተቀየረ። ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወርኩ፤ ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ስልካቸውን የሚነኩት ሥራ ሲጨርሱ ነው። የማደርስባቸውን ቦታዎች ስም ዘርዝሬ ጻፍኩ። ሰው የሰፈሩን ስም ሲያይ ይቆማል።

እናንተም የምትሸጡት ሌላ ቢሆን ይህን ጠይቁ፦ ብሩ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? የሕፃን ልብስ ሕፃኑ አይገዛውም።

የእናቶቹን ፎቶ ሳላስፈቅድ ለጥፌ አላውቅም። አንዳንዶቹ ፊታቸው እንዲታይ አይፈልጉም። ያኔ እጃቸውን ብቻ ከማሩ ጋር አነሳለሁ። እውነቱን ለመናገር ሰው የበለጠ የሚወደው የእጁን ፎቶ ነው።

ገንዘብ ላይ አንድ ጊዜ ተበልቻለሁ። አንድ ሰው ስድስት ኪሎ አዘዘ። የከፈለበትን ስክሪንሾት ላከ። ስሜ አለ፣ ብሩ አለ፣ ቀኑ አለ። ባስ ሊወጣ ነው ብሎ አጣደፈኝ። ላክሁ። ማታ ሒሳቤን ሳይ ምንም አልገባም። ስክሪንሾት ማንም ስልኩ ላይ ቆርጦ ቀጥሎ ይሠራዋል። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፤ የራሴ ሒሳብ ላይ ብሩ ሳይታየኝ ባልዲ አይነሳም። የሚያጣድፍ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ እጅግ ቀስ እላለሁ።

ማድረሱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ይበዛዋል። የመጀመሪያ ባልዲዬ የሰው ሻንጣ ላይ ፈሰሰ። ከማሩ ዋጋ በላይ ለልብስ ከፈልኩ። አሁን ከክዳኑ ሥር ወፍራም ፌስታል እዘረጋለሁ፣ ዙሪያውን በፕላስተር እጠመጥማለሁ፣ ከላይ «በዚህ በኩል ይቁም» ብዬ እጽፋለሁ። ረዳቱን ስልኩን እጠይቃለሁ። የባሱን ታርጋና ባልዲውን በአንድ ፎቶ አንስቼ ለደንበኛው እልካለሁ። ይህች ፎቶ ስንት «የት ደረሰ?» የሚል ጥሪ እንደቀነሰችልኝ!

እንዲህ እያልን ሞቅ ሞቅ ስንል የካቲት 2015 መጣ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር ደረጃ ተገደቡ። እስከ ሐምሌ። ቪፒኤን ያለው ይገባል፤ የሌለው አይገባም። ውጭ ያሉት ደንበኞቼ ይጽፉልኛል፤ እኔ አላየውም። ረመዳን በመካከሉ ገባ። ማር ደግሞ በረመዳን ይፈለጋል።

ያዳነኝ ደብተር ነው። አባቴ ከድሮ ጀምሮ የዱቤ ደብተር አለው። እኔም በእሱ አርአያ፣ ከጅዳዋ ልጅ ጀምሮ ያዘዘ ሰው ሁሉ ስም፣ ስልክ፣ ለማን እንደገዛ፣ ነጩን ይሁን ቀዩን፣ መቼ እንደገዛ እጽፍ ነበር። መጀመሪያ የጀመርኩት ለማድረሻ እንዳልሳሳት ብቻ ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል ደብተሩን ይዤ ቁጭ አልኩ። አገር ውስጥ ላሉት በአጭር መልእክት፣ ውጭ ላሉት ኢሞ በሚባለው የስልክ መደዋወያ መተግበሪያ ደረስኩ። «ለእናትሽ የዛሬ ሦስት ወር የላክሽው ነጩን ነበር፤ አሁንም አለ» አልኳቸው። ከማስታወቂያ በላይ ነው ይሄ። ማን እንደሆኑ ታውቃለህና።

እገዳው ተነሳ ብለን ሳንጨርስ በዚያው ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ፤ ዓመት ገደማ። መስመር ኢንተርኔት ያለበት ሆቴል ሄጄ፣ ሻይ አዝዤ፣ በሳምንት አንድ ቀን መልእክት እመልስ ነበር። የደወልኩትና በስልክ የሸጥኩት ግን ከደብተሩ ነው። ያኔ 212 ቁጥር ነበረኝ። ፔጁ ላይ ብዙ ሺህ ተከታይ ያላት አንዲት ልብስ ሻጭ ጓደኛዬ አንድም ስልክ ቁጥር አልያዘችም ነበር። ሱቋን ዘጋች። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም፤ ከእኔ የበለጠ ጎበዝ ነጋዴ ነበረች።

ስለዚህ ፌስቡክ ላይ የመጣውን ሰው ሁሉ ወደ ደብተሬ ነው የማስገባው። መጀመሪያ ያየኝ በቪዲዮ ነው፣ ሁለተኛ የሚያገኘኝ በቴሌግራም ቻናል ነው፣ ከገዛ ደብተር ውስጥ ነው። ቴሌግራም ላይ እያንዳንዱን ፖስት ስንት ሰው እንዳየው ይታያል፤ ራስን ለማታለል አይመችም። ቻናሉ ላይ አላበዛም። አዲስ ማር ሲገባ፣ ሲያልቅ፣ በዓል ሲቀርብ። የምንኖረው ሁለቱም በዓል በሚከበርበት አገር ነው። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ የጠጅ ማር የሚፈልገው ይመጣል፤ በረመዳን ለብርዝ የሚፈልገው ይመጣል። የሁለቱንም አቆጣጠር አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌአለሁ። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ነው የምጽፈው። በዋዜማው የሚጻፍ ማስታወቂያ ባስ አይደርስበትም።

ቲክቶክ ለማያውቀኝ ሰው ያሳየኛል፤ ይህ እውነት ነው። ጋሽዬ የምላቸው አንድ አምባሰል ያሉ ንብ አናቢ በጢስ ቀፎ ሲከፍቱ የሚያሳይ ቪዲዮ 90 ሺህ ጊዜ ታይቷል። ሦስት ኪሎ ሸጥኩበት። የቀረው ኮሜንት «በገመድ ወርደሽ አሳዪን» የሚል ነው። የአምባሰል ማር ቆራጭ በገመድ እንደሚወርድ በዘፈን ያልሰማ የለማ! አልወረድኩም፤ አልወርድምም። ሰው ስላየ ብቻ ገዛ ማለት እንዳልሆነ ግን ከዚያ ቪዲዮ ተምሬአለሁ።

ቡስት ስለማድረግ፣ ማለትም ከፍሎ ፖስትን ለብዙ ሰው ስለማሳየት፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ፌስቡክ የሚቀበለው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ነው፤ አብዛኞቻችን የለንም። ስለዚህ የሚሠሩልን መሐል ላይ ያሉ ልጆች ናቸው። ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። አንደኛው ገንዘቡን በልቶ ጠፋ። ሁለተኛው በደንብ ሠራልኝ፤ ምክንያቱም ውጤቱን በስክሪንሾት ሳይሆን አካውንቱን ከፍቶ አብሮኝ ቁጭ ብሎ አሳየኝ። ከመክፈላችሁ በፊት ማን እንዲያየው እንደምትፈልጉ ንገሩት፤ ከተማውን፣ ዕድሜውን። እኔ ሳልናገር ቀርቼ ማሬ ራሱ ማር በማያጣው ጎጃም ላይ ተዋውቋል። ደግሞም በነጻ ሲለጠፍ ሰው ያልወደደውን ፖስት በገንዘብ አትግፉ። መጀመሪያ ራሱ የሄደውን ነው መግፋት።

አንድ የማፍርበት ነገር አለ። መጀመሪያ አካባቢ «ለጨጓራ፣ ለሳል፣ ለሁሉም በሽታ» ብዬ እጽፍ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። አንዲት አራስ «ለሦስት ወር ልጄ ላቅምሰው?» ብላ ጻፈች። ልመልስላት ስል እጄ ያዝ አለኝ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጎረቤቴን ጠየቅኋት። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም አለችኝ፤ ማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ባክቴሪያ ለጨቅላ አንጀት አደገኛ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የበሽታ ስም ፔጄ ላይ የለም። የሕፃኑን ነገር ግን በየባልዲው ክዳን ላይ እጽፈዋለሁ። ሽያጭ ይቀንሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልቀነሰም።

በቀን የምሰጠው ጊዜ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ጠዋት የማታውን መልእክት እመልሳለሁ፣ ማታ እለጥፋለሁ። ደጋግመው ለሚጠይቁት ጥያቄ መልሱን ስልኬ ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ስሙን ብቻ እየቀየርኩ እልካለሁ። ክፉ ኮሜንት ሲመጣ አላጠፋም። ሻይ እጠጣለሁ፤ ከዚያ እመልሳለሁ።

አባቴ አሁንም ስልክ አልቀየረም። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ግን «ዛሬ ስኳር ነው ያለሽ የለም?» ብሎ ይጠይቀኛል። አሁን ሁለተኛው ደብተር ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ማር ነክቶት አንዳንድ ገጹ ተጣብቋል፤ የጅዳዋን ልጅ ቁጥር ለማግኘት በጥፍሬ ቀስ ብዬ ነው የምገልጠው።